በልጄ ቁመት ልክ

ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት አንድ ክንድ ከስንዝር ከሁለት ጣት ነበረች። በእኔ ክንድ ማለቴ ነው፤ እኔም ረጅም ሴት አይደለሁም። ይህን ያህል አጥብቄ የማውቀው በክር ስለለካኋት ነው። ክሩን የፈተልኩት ራሴ ነኝ። ከአናቷ እስከ ተረከዟ ለክቼ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሬ፣ አንድ አንጓ ቀርከሃ ውስጥ ከተትኩትና አፉን በጨርቅ ወተፍኩት። አሶሳ ውስጥ ምስጥ የማይቀምሰው ነገር የለም፤ ስለዚህ ቀርከሃውን ከማገሩ ላይ አንጠለጠልኩት።

ነገሩ የእናቴ ልማድ ነው። ወሎ ሳለን፣ ልጅ እድገቱ ተይዞ ሲያሳስባት፣ እናቴ በክር ትለካውና ትሳላለች። ልጁ ሲበረታ ዳግመኛ ትለካዋለች፤ ያን አዲሱን ክር በሰም ነክራ ጧፍ ታደርግና ለቤተ ክርስቲያን ታስገባለች። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲያዙ፣ ብልጫውን ያየ ሁሉ እልል ይላል። እኔም በልጅነቴ ተለክቻለሁ። ብዙ የጨመርኩ አይመስለኝም፤ ብቻ እልል ተብሏል።

ከወሎ የተነሣነው በድርቁ ነው። መጀመሪያ መጠለያ፣ ከዚያ መኪና፤ ስንት ቀን እንደተጓዝን እንጃ፣ ባምባሲን አልፈን አሶሳ ስንገባ ልጄ በሆዴ ነበረች። የሠፈርንባት መንደር ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት። ቤታችን ቀርከሃና ሣር ነው። ጠዋት ጠዋት ከዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ሁላችንም ለጋራ እርሻ እንወጣለን። ልጄ እዚያው መንደር ተወለደች፤ ለመንደሩም ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዷ ሆነች።

አገሩ ሁሉ ነገር የሚያድግበት አገር ነው። ባለቤቴ ለአጥር ብሎ የተከለው እንጨት በሁለተኛው ወር ቅጠል አወጣ። እኔ በልቼ ከደጃፍ የወረወርኩት የማንጎ ፍሬ በቅሎ ክረምቱ ሳይወጣ ጉልበቴን አከለ። ማሽላው ከጣሪያችን በለጠ። ሣሩማ ዛሬ አጭደነው በሳምንቱ እንዳልታጨደ ሆኖ ይጠብቀናል። እንዲህ ባለ አገር የእኔ ልጅ ብቻ ባለችበት ቀረች። እኩዮቿ ሲሯሯጡ እሷ ቁርበት ላይ ቁጭ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግራና ቀኝ ታያቸዋለች። አታለቅስም፤ ማንም ወድቆ ሲነሣ ትስቃለች። ጎረቤታችን «ዳኛዋ» ይሏት ነበር።

እኒህ ጎረቤት ከእኛው ቀበሌ የመጡ አሮጊት ናቸው። እናቴ እዚያው አገር ቤት ስለቀረች፣ ለእኔ በእናት ፈንታ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ክሩን የለካሁ ዕለት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እኔ ቆሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ «ድንግል ማርያም፣ ይህቺ ልጅ በሁለት እግሯ ቆማ ደጅሽን ብትረግጥልኝ፣ በዚያን ቀን በሚኖራት ቁመት ልክ ጧፍ አስገባለሁ» አልኩ።

«አይ ብልጠትሽ!» አሉኝ። «ባጭር ልጅ ባጭር ጧፍ ልትገላገዪ!»

«ትደግልኝ እንጂ እማማ፣ ይህን ማገር የሚያህል ጧፍ አስገባለሁ።»

«ማገሩንም ሰምታለች። ዋ! ኋላ ሰም ተየት አመጣለሁ እንዳትዪ።»

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ልጄን መደቡ ላይ አጋድሜ ክሩን ከጎኗ እዘረጋለሁ። በመጀመሪያው ወር ክሩና ልጅቷ እኩል ሆኑ። በሁለተኛውም እኩል። ያን ሳምንት እህል አልወርድልሽ አለኝ። በሦስተኛው ወር ግን ክሩን ብዘረጋው ተረከዟ ጋ ሳይደርስ ቀረ፤ ልጅቷ አንድ ጣት በልጣዋለች! ጩኸቴን ሰምቶ ባለቤቴ ከጓሮ እየሮጠ መጣ።

«አደገች! ና እይ፣ አደገች!»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

በአራተኛው ወር ደግሞ ሌላ ግማሽ ጣት። ደስታዬን የምችልበት ጠፋኝ። ውኃ ስቀዳ አወራሁ፤ ማሽላ ስናርም አወራሁ። ሴቶቹ ሰለቹኝ። አንዷ በስተመጨረሻ ወገቧን ቀና አድርጋ፣

«ይህን ያህል ተመዘዘች ካልሽ ለእኛ የማይታየን ለምንድነው?» አለችኝ።

«ዓይን ስለሌላችሁ» አልኳት።

በዚያው ሰሞን ጤና ረዳቷ መጣች። የወለጋ ልጅ ናት፤ ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ የምታደርገውን ሁሉ እያንጎራጎረች የምታደርግ። በየወሩ ከትልቁ ማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ሚዛኗን ታንጠለጥላለች፤ ከሚዛኑ ሥር እግር ማውጫ ያለው የሸራ ከረጢት አለ፤ ልጆቻችንን በተራ በተራ እዚያ ውስጥ ትሰቅላቸዋለች። የሌላው ሰው ልጅ መንደሩን በጩኸት ያናውጠዋል። የእኔዋ ዳኛ ግን ተንጠልጥላም ግራና ቀኙን ታያለች።

«ሰባት ኪሎ ተኩል» አለች ጤና ረዳቷ፣ ካርዷን ገልጣ። «ባለፈውም ሰባት ተኩል። ከዚያ በፊትም ሰባት ተኩል። እህቴ፣ ይህ መሥመር ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ተኝቷል።»

«ሥጋ ባትጨምር ቁመት ጨምራለች።»

«በምን ታወቀ?»

ሮጬ ሄጄ ቀርከሃዬን አመጣሁ። በሴቶቹ ሁሉ ፊት ክሩን አውጥቼ አሳየኋት። አልሳቀችብኝም። መለኪያ ሳንቃዋን አምጥታ ልጄን አስተኛቻት፤ እግሯን አቃንታ ቁጥሩን አነበበች፤ መዝገቧን ወደ ኋላ ገለጠች።

«ከሦስት ወር በፊት ከለካኋት ንቅንቅ አላለችም። ክርሽ ነው የተሳሳተው።»

«የማርያም ክር አይሳሳትም።»

ጴንጤ ናት፤ ስለ ማርያም ከእኔ ጋር መሟገት አልፈለገችም። ክሩን ጠቅልላ በሁለት እጇ መለሰችልኝና፣ «እሺ» አለች። «እንግዲያው ክሩ ካልተሳሳተ ሌላ የተሳሳተ ሰው አለ።»

ቃሏ ከእኔ ጋር ቤት ገባ። ልጄን ቁርበቷ ላይ አስቀምጬ ክሩን ብርሃን ያለበት አመጣሁትና አገላብጬ አየሁት። እኔ ክር ስቋጥር ቋጠሮዬ የጤፍ ፍሬ ታህላለች፤ እናቴ እንዲያ ነው ያስተማረችኝ። አንደኛው ጫፍ ላይ የእኔ ቋጠሮ አለ። ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ግን ሽንብራ ያህላል፤ ሁለት ጊዜ የዞረ፣ ተጎትቶ የጠበቀ፣ የበሬ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው።

ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ይህን ማን ቋጠረው?»

ዶማውን ከትከሻው አላወረደም። «የቱን?»

«በሬ የታሰረበት የሚመስለውን።»

ልጃችንን አያት። ጣሪያውን አየ። ዳኛዋ ደግሞ እሱን ታየዋለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

«መቼ?»

«አንዴ።» ዶማውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «ሁለቴ። በምላጭ ነው፤ በደንብ ነው የቆረጥሁት።»

«የማርያምን ክር!»

«ምን ላድርግ? ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር ፊትሽ ከሰል ይመስላል። ሳምንቱን ሙሉ አትበዪም፣ አታወሪም። ልጅቷን ማስረዘም አልቻልኩም፤ ክሩን ማሳጠር ቻልኩ።»

ዶማውን አወረደና በር ላይ ቁጭ አለ፤ ትልቅ ሰውዬ እንደ ቀጣፊ ተማሪ።

«ቁራጩን የት ጣልከው?»

«ልጥለው ነበር፤ ፈራሁ።» የሸሚዙን አንገት ገለጠ። ጥቁሩ ማተቡ ላይ ሁለት ነጫጭ የክር ቁራጮች፣ አንዱ የጣት አንዱ የግማሽ ጣት፣ በዚያው በበሬ ቋጠሮ ታስረዋል። ሁለት ወር ሙሉ አንገቱ ላይ ተሸክሟቸው ሲቆፍር ከርሟል።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እያለቀስኩ መስሎት «በቃ፣ በቃ» ይለኛል፤ እኔ ሳቄን ነው የደበቅሁት። ቢሆንም ነገሩ ነገር ነውና ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ቁራጮቹን ከማተቡ ፈትቼ ወደ ቦታቸው ቀጠልኳቸው።

«ቋጠሮው ትንሽ ይወስድበታል» አለ ከኋላዬ።

«ዝም በል አንተ።»

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን የቀረው እውነቱ ነው። ክሩ ሙሉ ሆነ፤ ልጄም ከክሩ እኩል ሆነች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ምን ቀራት? አልቆመችም፤ አልጨመረችም። እንደ ክፉ ሰው ክታብና ጥንቆላ ፍለጋ አልሄድኩም፤ ጸሎቴን አደረስኩ። ግን እየጸለይኩም እጄ ልጄ እግር ላይ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት ጣቴ ስይዘው ጣቶቼ ይደራረባሉ።

ክሩን በቀጠልኩ በማግስቱ ጤና ረዳቷ ቤቴ ድረስ መጣች። ስለ ክሩ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። «የምትበላውን አሳዪኝ» አለች።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነው የኖርኩት። በልጅ አመጋገብ ማንም እንደኔ እንደማይጠነቀቅ አውቃለሁ። ለሕፃናት የሚታደለንን ዱቄት አወጣሁ፤ ወንፊቴን አወጣሁ፤ በፊቷ ነፋሁት፤ መልሼ ነፋሁት፤ ሦስተኛ ነፋሁት። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ደጅ ወጥቼ ለዶሮዎቼ በተንኩ። ከታች የወረደውን፣ እንደ ጭስ የላመውን፣ በብዙ ውኃ አፈላሁት። ሙቁ ከማንኪያ ላይ እንደ ምንጭ ውኃ ኮለል ብሎ ይወርዳል። ልጄ ከኩባያው ፉት ፉት አደረገችው።

ጤና ረዳቷ ማንጎራጎሯን አቆመች። ሙቁን አየች፤ ልጄን አየች፤ ከዚያ በበሩ ወደ ውጭ አየች።

«ዶሮዎችሽ ግን» አለች፣ «እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ እንዴት አምሮባቸዋል!»

ዘወር ብዬ አየኋቸው። እውነቷን ነው። ሁለቱ ዶሮዎቼ ከመንደሩ ዶሮ ሁሉ ይወፍራሉ፤ መራመድ እያቃታቸው እንደ ሰርገኛ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ።

«ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም።

ነገርኳት። መጠለያ ሳለን ነው። ከእናቴ ቤት የመጣ ታናሽ ወንድሜን እኔ ነበርኩ የማበላው። እዚያ የነበሩት ሐኪሞች በየድንኳኑ እየዞሩ፣ ረሃብ ያደከመው ሆድ ወፍራም አይችልም፤ ቀጭን ስጡ፣ ጥቂት በጥቂት ስጡ፣ ካበዛችሁ ትገድሉታላችሁ ይሉናል። ያልሰሙትን አይቻለሁ። እኔ ሰማሁ፤ በኩባያ ክዳን እየለካሁ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ እየሰጠሁ፣ ወንድሜ ዳነልኝ። እንግዲህ ልጄ ስትወለድ ያን ሕግ ይዤ ቀረሁ። ሌላው ዕቃችን በመንገድ ሲቀር ያ ትእዛዝ ከእኔ ጋር አሶሳ ገብቶ ኖሯል።

ጤና ረዳቷ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«ልክ ነበርሽ» አለች። «ለዚያ ጊዜ፣ ለዚያ ቦታ ልክ ነበርሽ። ወንድምሽን ያዳንሽው በዚያ ነው። ይህቺ ልጅ ግን ከመጠለያ አልመጣችም፣ እህቴ። እዚሁ ነው የተወለደችው። ገንፎ ስጫት። ማንኪያውን ስትተክዪበት ይቁም።»

«ትታነቅብኛለች።»

«አትታነቅም። ወንፊቱን ደግሞ ስቀዪው።»

ሄደች። እኔ ዱቄቱን ፊቴ አስቀምጬ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ይህን ያህል ዘመን ልጄን እንደ ሞት አፋፍ ሰው ሳበላት ኖርኩ፤ እሷ ግን ርቧት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ደረቴ ላይ ተጭኖ የኖረ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። የለንም እዚያ፤ መጥተናል። ይህን ማንም በዚህ መልክ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ወንፊቱን ሰቀልኩት።

ገንፎውን ሠራሁ፤ ማንኪያው ቆመ። ልጄ ግን አልበላም አለች። ቀጭን የለመደ አፍ ነው፤ ስሰጣት በምላሷ ገፋ አድርጋ ታወጣዋለች። በእኔ በኩል ደግሞ በጎረሰች ቁጥር «ታነቀች!» ብዬ ጀርባዋን እመታለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ስንገፋፋ ሰነበትን፤ ገንፎው ዞሮ ዞሮ ለዶሮዎቹ ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ደንበኛዬ፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነችው የበርታ ሴት መጣች። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ነው የምትመጣው፤ ባሚያና ለውዝ ታመጣልኛለች፣ እኔ የፈተልኩትን ክር እሰጣታለሁ። ስድስት ልጅ ወልዳለች፤ ስድስቱም ዛፍ ለዛፍ ሲዘሉ ነው የሚውሉት። በር ላይ ቆማ ትርኢታችንን ትንሽ አየች።

«ያ ኡክቲ፣ ይሄ ልጅ አይበላም?»

ያ ኡክቲ እህቴ ማለቷ ነው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«እንቢ አለች። እኔም እንዳትታነቅ እፈራለሁ።»

«አንተ ይፈራል፣ ልጅ ይፈራል» አለችኝ። «አምጣ።»

ሳህኑን ከእጄ ወሰደች። ከቅሏ የተቆላ ለውዝ አወጣችና በሙቀጫዬ ወቀጠችው፤ ዘይቱን እስኪያወጣ ወቅጣ ገንፎው ላይ ለወሰችው። ቀመስኩት፤ እንዲያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም፤ ደግሞ ለውዝ የጾም ነው፣ ዕለቱ ረቡዕ ቢሆንም ጾሜን አላፈረሰብኝም። ልጄን ታበላታለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ ጀርባዋን ለልጄ ሰጥታ ቁጭ አለችና ራሷ መብላት ጀመረች። በጣቷ እየጠቀለለች፣ ከንፈሯን እያጮኸች።

«አም! ወላሂ ጣፋጭ! አም!»

ልጄ ደነገጠች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ በደል አይታ አታውቅም። ለምነን የምንሰጣት ምግብ በፊቷ እያለቀ ነው፤ ያውም ወደ እሷ ዘወር የሚል ሰው የለም። «ኧ!» አለች። ሴትዮዋ አልሰማችም። «ኧ! ኧ!» ከቁርበቷ ላይ ተንፏቀቀች። ሴትዮዋ ጀርባ ደረሰች፤ ልብሷን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ጎተተች፤ እና እነዚያ ቀጫጭን እግሮቿ ተንቀጥቅጠው፣ ታጥፈው፣ ተቃኑና ቆመች።

ቆመች! እጄን አፌ ላይ አደረግሁ። ሴትዮዋ ልብሷ ሲጎተት ይሰማታል፤ ግን ዞር አላለችም።

«ማነው? ሌባ መጣ?»

የልጄ እጅ በትከሻዋ ላይ ተሻግሮ ሳህኑ ውስጥ ገባ።

ማርያም ይቅር ትበለኝና፣ ልጄ በእግሯ ትቁምልኝ ብዬ የተሳልኩት ለደጇ ነበር፤ መጀመሪያ የቆመችው ግን ለገንፎ ነው። ሙልጭ አድርጋ በላች። አልታነቀችም። ሴትዮዋ ጣቷን ጠራርጋ «ማሻአላህ» አለችና ባሚያዋን ቆጥራ ሰጥታኝ ሄደች፤ እንደ ቀላል ነገር።

እንግዲህ ዘዴው ታወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ስትበላ አንድ ሰው ጀርባ ሰጥቶ ይሻማታል። ባለቤቴ ይህን ሥራ በጣም ወደደው፤ «አም» ሲል ድምፁ ከእርሻው ይሰማል። ለማስመሰል ሲል የሚጎርሰው ግን እየበዛ ሄደ፤ «ልጅቷን ነው የምናበላው አንተን?» ብዬ ተው አልኩት። ጎረቤታችን እማማም ጥርስ ስለሌላቸው ገንፎው ተስማምቷቸው በየቀኑ በሰዓቱ ለእርዳታ ይመጣሉ። ዶሮዎቹ ብቻ ከሱ። እንቁላላቸውም ለልጅቷ ሆነ፤ ሁለት በደል ተደራረበባቸው።

ወሩ ሃያ አንድ ደረሰ። ባለቤቴን በር ላይ አቆምኩት።

«እጅህን አሳይ።»

ሁለት እጁን አነሣ። «ምላጭ የለም።»

«እንደተነሣ ይቆይ።»

እማማን ምስክር አድርጌ፣ ባለሁለት መቀጠያውን ክር ከቀርከሃው አወጣሁ። ልጄን አስተኛኋት፤ አሁንማ አልተኛ ብላ ትንፈራገጣለች። ክሩን ከአናቷ ዘርግቼ ወደ ታች ወረድኩ። ክሩ አለቀ። ተረከዟ ገና ነው። አንድ አውራ ጣት ሙሉ ትበልጠዋለች።

መልሼ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።

«እልል በይ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ እማማ።

«አንዴ ልድገመው።»

«ክሩን ልትጨርሺው ነው?» ብለው እልልታውን ራሳቸው ጀመሩት። ከውጭ ደግሞ፣ «እጄን ላውርድ?» የሚል ድምፅ መጣ።

በሚዛኑ ቀን ስምንት ኪሎ ከሩብ ሆነች። ጤና ረዳቷ ካርዱ ላይ ነጥቧን ስታኖር፣ ተኝቶ የከረመው መሥመር ቀና አለ፤ እሷም ዘፈኗን ካቆመችበት ጀመረች። ያን ቀን በማንጎው ሥር ያች ማሽላ ስናርም ለእኛ አይታየንም ያለችኝ ሴት፣ ልጄን ብድግ አድርጋ «ኧረ ይቺ ልጅ ከብዳለች!» አለች። «ዓይን አበቀልሽ?» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

ልጄ የተራመደችው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ነው። ከሳህኗ ቁራሽ ገንፎ ነጥቃ የሮጠች ዶሮ ተከትላ፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ወደቀች፤ ተነሥታ አምስት ሄደች። ዳኛዋ ሌባ ልታሳድድ ነው የተነሣችው።

የስለቴ ቀን እንዲህ ደረሰ። በመንደራችን ያኔ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ከተማ መሄድ ነው፤ ከተማ ለመሄድ ደግሞ ከመንደሩ ኃላፊ ወረቀት ያስፈልጋል። የሰሙን ነገር የበርታዋ ሴት ጨረሰችልኝ፤ ባሏ ቀፎ ቆርጦ ስለነበር የሰሙን እንጀራ በቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ክር ልሰጣት ብል እንቢ አለች። አዲስ ክር ፈትዬ፣ ልጄን ለክቼ፣ ጧፉን ሠራሁ። ሰሙ ሳይበላሽ ብዬ የሠራሁት ከማርያም በዓል ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ኃላፊው ዘንድ ስንቀርብ «ከተማ ለምን?» አለን። ባለቤቴ «ለሕክ…» ሲል እኔ ቀደም ብዬ «ለስለት» አልኩ። በስለት ጉዳይ መዋሸት አልፈለግሁም። ሰውየው ብዕሩን እንደያዘ ልጄን ትክ ብሎ አያት።

«ይቺ ናት ሰባት ኪሎ ተኩሏ?»

«ዘጠኝ ተኩል ናት» አልኩት።

ፈረመ።

በማለዳ ወጣን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄ በጀርባዬ፣ እማማ በምርኩዛቸው። ጧፉን በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ እኔው ያዝኩት፤ አሮጌው ክርም በቀርከሃው ውስጥ አብሮን አለ። ፀሐዩ ሳይበረታ ደጇ ደረስን። ልጄን ከጀርባዬ አወረድኳትና መሬት ላይ አቆምኳት። ስለቱ እንደተባለው ይሁን ብዬ ጧፉን ከቅጠሉ ፈትቼ ከጎኗ አቆምኩት።

አጠረ። ጧፉ አናቷ ጋ ሳይደርስ ቀረ፤ አንድ ጣት ይጎድለዋል።

እኔም እማማም እኩል ወደ ባለቤቴ ዞርን።

«በማርያም እኔ አይደለሁም!» ሁለት እጁን አነሣ፤ በደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ ፊት። «በደጇ ቆሜ! እኔ አልነካሁትም!»

አጠገባችን የነበሩ ቄስ ምን እንደሆነ ጠየቁ። እማማ ከክሩ እስከ ምላጩ ሁሉንም ነገሯቸው፤ የበሬ ቋጠሮውን እንኳ አልተዉለትም። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ በጺማቸው ሥር እየሳቁ፣

«መቼ ነው ጧፉን የሠራሽው?» አሉኝ።

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል፣ አባቴ።»

«ልጅቷስ ከዚያ ወዲህ እየበላች ነው?»

«እንዴት እየበላች!»

«እንግዲያ ማን ይቆርጠዋል? ልጅቷ ናት ጥላው ያደገችው» አሉ።

ሦስት ሳምንት! ያን ያህል ዘመን በአንድ ክር ልክ ቆማ የኖረች ልጅ፣ ሦስት ሳምንት አልታገሠችኝም። ደስታዬ ሌላ፣ ጭንቀቴ ሌላ፤ «በቁመቷ ልክ» ብዬ ተስያለሁና አጉድዬ አላስገባም። አሮጌውን ክር አወጣሁ። ባለቤቴ የቆረጣቸውን፣ በማተቡ ተሸክሟቸው የከረመውን፣ እኔ መልሼ የቀጠልኳቸውን ሁለቱን ቁራጮች ፈታኋቸው። ጫፍ ለጫፍ ገመድኳቸውና በጧፉ ጫፍ ላይ አጠላለፍኳቸው፤ ከታች ካለው ሰም በጥፍሬ ፍቄ፣ በመዳፌ አሙቄ ለበጥኳቸው። ትንሽ ወልገድ አለ። ግን ከአናቷ ደረሰ፤ ልክ ሆነ።

«አየሽ» አለ ባለቤቴ፣ «ቆጥቤልሽ ነው።»

አሁን ልጄ እኔ ቤት ስትመጣ በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው፤ ይህን ስነግራት የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላታል። ያን ዕለት ግን ጧፉን በሁለት እጇ አቅፋ በራሷ እግር በሩን አለፈች። ቄሱ ሊቀበሏት ከፊት ለፊት ቆመዋል። መንገዱ ለእሷ ረጅም ነው። መሐል ላይ ቆመች፤ ጧፉን አሸተተችው። ሰሙ ገና ማር ማር ይላል። እኔ ከኋላ ሆኜ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ሮጬ አልደረስኩም። ከታችኛው ጫፍ አንድ ጉርሻ ነክሳ አኘከችው።

ጧፉ እንደገና አጠረ። ቄሱ ግን ተቀበሏት። የጎደለው የት እንደገባ ድንግል ማርያም በዓይኗ አይታለች።